የታጠነ ብር

የሲምቦን ብር ሮቤ ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ለይቶ ያውቀው ነበር። ይሸታላ። ወይራ ወይራ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ የወተት ዕቃ። ሥጋ ቤት የከፈለችው ብር ዞሮ ዞሮ እህል ተራ ቢደርስ፣ ከዚያም ጋሪ ተሳፍሮ ጎባ ቢገባ፣ የተቀበለው ሰው አፍንጫው ሥር አድርጎ “ይሄማ የሲምቦ ነው” ይል ነበር። አሁን ሲወራ ተረት ይመስላል። እኔ እኅተማርያም ግን አጥር ለአጥር የተዋሰንኩ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ የማወራው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን እንዳወራለት የሚፈልግ ሌላ ጎረቤት ይፈልግ፣ ሞልቷል።

ሲምቦ ወተት ሻጭ ነበረች። ባሏ አጋርፋ አጠገብ ገበሬ ነበር፤ እሱ ሲሞት ላሞቿን ፊት ፊቷ እየነዳች፣ ሴት ልጇን ማናልበሽን ከኋላዋ አስከትላ ሮቤ ገባች። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። ሳቅ አታበዛም፣ ልቅሶም አታበዛም። ስትቆጣ በኦሮምኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ስታዝን ግን በሁለቱም ዝም ነው። ወተቷን ውሃ ነካው ብሎ ያማት ሰው አልሰማሁም፤ በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት የወተት ማስቀመጫ ግሬራዋን በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ ከዚያ የነደደ የወይራ ስንጥር፣ እሷ ኤጄርሳ ነው የምትለው፣ ሆዱ ውስጥ ትከትና ክዳኑን ገጥማ ጢሱን ታፍነዋለች። ባልታጠነ ዕቃ የገባ ወተት እሷ ዘንድ ወተት አይባልም። አንድ ቀን እኔ በሳህን ወተት ልወስድ ብሄድ ሳህኔን አሽትታ መለሰችልኝ። ተናድጄ ሰሞኑን ሁሉ አላናገርኳትም፤ እሷ ግን መናደዴን እንኳ ልብ አላለችውም።

ማናልበሽ ወታደር አግብታ ነበር። ባሏ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው እንኳ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲቀር ነው። ከእሱ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ ሁለቱም ጥርስ ሳያበቅሉ በተቅማጥ ነው የሄዱት። አንዱ ጎረቤት ዓይን በላቸው አለ፣ ሌላው ጥርስ ሊያወጡ ሲሉ ነው አለ፤ አውቃለሁ ባይ መቼም አይጠፋም። ሲምቦ ግን ሁለቱንም ራሷ አጥባ ገንዛለች። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ማናልበሽ ሦስተኛውን፣ ለታን ስትወልድ፣ ሲምቦ ሕፃኑን ተቀብላ ትክ ብላ አየችውና “ይሄኛው አይሄድም” አለች። ለእግዜር ይሁን ለእኛ የነገረችው አልገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በዚያው ሰሞን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ባዳሳ ስለ ምርት ዕድገት ሲናገር ቆየና፣ ንግግሩን ሲጨርስ እንደ ልማዱ ወጥቶ ሄደ፤ የሌላ ሰው ንግግር መስማት አይወድም። ከእሱ ቀጥሎ የተነሣው አምባዬ መሸሻ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሥራው የጉድጓድ ውሃን፣ የከብት ማረጃውንና የሽንት ቤቱን ንጽሕና መቆጣጠር ስለሆነ ሰው ሁሉ “የሽንት ቤት ሐኪም” ይለዋል። እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። ባዳሳ ግን አይወደውም፤ የቀበሌው ሽንት ቤት ሞልቶ ፈሰሰ ብሎ በሰው ፊት ተናግሮበታል።

የዚያን ቀን አምባዬ ከኪሱ አንድ የተጨማደደ ብር አወጣና በጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ አሳየን። ይሄ ብር ዛሬ ጠዋት የት እንደነበር የሚያውቅ አለ ወይ አለ። እሱ ነገረን። ሥጋ ሻጩ በደም እጁ ተቀብሎታል፣ የታመመ ሰው ትራስ ሥር አድሯል፣ ከሽንት ቤት ወጥቶ እጁን ያልታጠበ ሰው መንዝሮታል፣ አንዷ ምራቅ አስነክታ ቆጥራዋለች፣ ሌላዋ ጡቷ መካከል ሸጉጣው ልጇን አጥብታለች። ይህን ሲል የሴቱ ሁሉ እጅ ሳይታወቀው ወደ ደረቱ ሄደ፤ ሁላችንም እዚያው ነዋ የምናስቀምጠው። በዓይን የማይታይ ጀርም አለ፣ የብሩ እድፍና ላብ ለጀርሙ ጎጆው ነው፣ ተቅማጡንም ታይፎይዱንም ከእጅ እጅ ይዞ ሊዞር ይችላል አለን። ብር ብቻ ነው አላለም፤ ውሃውንም ዝንቡንም ጠቅሷል። ብር ነክታችሁ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ልጅም አታጉርሱ አለ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው የፈላ ውሃ አቀዝቅዛችሁ፣ ስኳርና ቆንጠር ያለ ጨው በጥብጣችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፣ እኔንም ጥሩኝ፣ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ አለ። ማናልበሽ አጠገቤ ልጇን ታቅፋ ታንጎላጅ ነበር። ሲምቦ ግን እንደዚያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

በመጨረሻ ያለው ነው የወጋት። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሕፃኑን ብር አታስጨብጡት አለ። እኛ ዘንድ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የሕፃኑን መዳፍ ፈልቅቆ ብር ያስጨብጠዋል፣ “እጅህ ባዶ አይሁን” ይለዋል። ሕፃን ደግሞ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ብሩን ሲጠባው ሰው ይስቃል፣ ይሄስ ነጋዴ ሊሆን ነው ይባላል። ወደ ቤት ስንመለስ ሲምቦ የሞቱት ሁለቱም ብር ጠብተው እንደነበር፣ ከአፋቸውም ያወጣችው እሷ ራሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ብሩ ይግደላቸው ውሃው ይግደላቸው ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እኔም ይህንኑ አልኳት። አልሰማችኝም።

በማግሥቱ ሳሙና ፍለጋ ወደ ቀበሌው የኅብረት ሱቅ ሄደች። ሳሙና በኩፖን ነው የሚሰጠው፣ ያውም ሲኖር። ሻጩ ዲኖ “አልመጣም” አላት። በዚያ ዓመት ከዲኖ አፍ ሌላ ቃል የሰማ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሲምቦ ቤቷ ተመልሳ ከጓሮ ተቀመጠች፣ ግሬራዋን አየች፣ ተነሣችና ፍም አወጣች። የወይራ ስንጥር ጣል ጣል አድርጋበት፣ ብሮቿን አሮጌ ወንፊት ላይ ዘርግታ፣ ከጢሱ በላይ እያገላበጠች ታጥናቸው ጀመር። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያየሁት። ወይ ጉድ፣ ሴትየዋ ለየላት አልኩ በልቤ።

ብሩ ላይ ያ ፈገግ ያለ ልጅ አለ አይደል፤ ጢሱ ሲበዛበት ቆሎ መሰለ። ማናልበሽ አፈረች፣ ሰው ይስቅብናል፣ ተይ አለቻት። እኔም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሳሾፍባት፣ ወረቀቱንማ እያስለቀቅኩት ነው አለችኝ። አምባዬ በዚያ ሲያልፍ ጠርታ አሳየችው። እሱ አልሳቀም። ጢስ ሳሙና አይደለም፣ ጀርሙን ይግደል አይግደል እኔ አላውቅም፣ የሚሻለው ብሩን ሕፃኑ ዘንድ አለማድረስና እጅ መታጠብ ነው ብሎ በግልጽ ነገራት። ሲምቦ አዳመጠችው፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፣ ማጠኗንም ቀጠለች። ወተቴን ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቆልኛል፣ ብሩን ምን ያደርገዋል ባይ ነች። ሕፃኑንስ ቢሆን ብር አላስነካችም። አራስ ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ብሩን ራሷ ትቀበልና ወንፊቱ ላይ ታኖረዋለች። ከአጋርፋ የመጣች የባሏ እህት፣ የእኔ እጅ እንዲህ ተናቀ ብላ እህል ሳትቀምስ ተመልሳ ሄደች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሲምቦ ከኅብረት ሱቅ ጨው ልትገዛ የሰጠችውን ብር ዲኖ አሸተተው፣ አገላበጠው፣ ለባዳሳ ወስዶ ሰጠው። ያ ጊዜ ክፉ ነው። የጠቆረ ብር ማለት የተቀበረ ብር፣ የተቀበረ ብር ማለት አሻጥር ነው። ባዳሳ ይዞት ሲጠይቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ሰማ፤ ሴትዮዋ ብሩን የምታጥነው ቆሻሻ ነው ብሎ ያስተማራት ሰው ስላለ ነው ተባለ። ማነው የአብዮቱን ገንዘብ ቆሻሻ ያለው? እሱ ስብሰባውን ጥሎ ወጥቶ ስለነበር አልሰማም። የሰማነው ደግሞ ስንጠየቅ እንቅልፍ ወስዶን ነበር። ባዳሳ አምባዬን ጠርጥሯል፤ የቸገረው አምባዬ ነው ብሎ የሚመሰክር አፍ ማግኘት ነበር።

ሲምቦን ፍርድ ሸንጎ ፊት አቆማት። የቀበሌው አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አምባዬ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያያል። ባዳሳ ያን ቀን ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እሱ ድምፁን ሲያለሰልስ መፍራት ነው። እናቴ፣ አንቺ ያላወቅሽ የጭቁን ወገን ነሽ አላት። ያሳሳተሽን ሰው ስም ብቻ ጥሪልንና አሁኑኑ ወደ ልጅ ልጅሽ ሂጂ አላት።

ሲምቦ ወደ ኋላ አልዞረችም። “ላሞቼ ናቸው ያስተማሩኝ” አለች።

አዳራሹ ሳቀ። ባዳሳ አልሳቀም። ታዲያ ብርን እንደ ቅል ማጠን ምን የሚሉት ነው ሲላት፣ በዚያው ድምፅ ሳሙና የለማ አለችው። አሁን ግን ማንም አልሳቀም፤ ዲኖ እንኳ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ከቀበሌው እህል ማከማቻ አጠገብ ያለች ክፍል ውስጥ ቆለፉባት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እሷም ዝም ብላ ብትቀር ይሻላት ነበር።

ምግብ የምናደርስላት አንዴ ማናልበሽ፣ አንዴ እኔ ነበርን። በትንሿ መስኮት አሳልፌ ስሰጣት በጣም ተናደድኩባት። አምባዬ ዘመድሽ አይደለም፣ ያገርሽ ሰው አይደለም፣ ስሙን ብትጠሪ ምን ነበረበት አልኳት።

“ለእሱ ብዬ መሰለሽ እንዴ?” አለችኝ። “ለታን ቢያመው ቤት ድረስ የሚመጣ ሌላ ማን አለን?”

እንጀራውን ተቀብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔም ቁጣዬ በረደ። ከእኛ ሁሉ ይልቅ እሷ አስባበት ነበር።

ሲምቦ ስትታሰር ያ በር ጠባቂ አጣ። ማናልበሽን እግዜር ያስፈታልሽ ሊል የመጣው ሁሉ፣ ሕፃኑን ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። እሷም የታሰረ ሰው ቤት ሆና የሰው እጅ መመለስ ከበዳት። ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ብቻ ለታን ተቅማጥ ጀመረው። መጀመሪያ ቀላል መሰለን። ኋላ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ እርግብግቢቱ ጎደጎደ፣ ማልቀስም አቃተው። ማናልበሽ የቀድሞዎቹን ታውቃለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። አምባዬን አገኘሁትና ነገርኩት። ደነገጠ፣ ለመነሣትም ብድግ አለ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ በሲምቦ ደጃፍ አብዮት ጥበቃ ይቆማል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። አንዳንዴ ይቆማል አልኩት። መሸሸግ አያስፈልግም፣ ይቆም ነበር። ሂጂ፣ ውሃውን አፍሉ፣ እመጣለሁ አለኝ። ውሃውን አፈላን። ደጅ ደጁን አየን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ። ጎባ ሆስፒታል እንዳንወስደው የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ባዳሳ ለስብሰባ ሄዷል። አምባዬ በዚያን ቀን አልመጣም፣ በማግሥቱም አልመጣም።

ማናልበሽ መጠበቋን ተወችው። ያኔ ስብሰባው ላይ ያንጎላጀች የመሰለችኝ፣ ለካ አንዲት ቃል አላመለጣትም። ሳሙና ስለሌለ እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ከፈላው ውሃ ቀዳች፣ ጨው ቆነጠረች፣ ስኳሩን ከእኔ የራሽን ስኳር ወሰደች፤ ያለኝ ያው ነበር፣ ይውሰደው። በሻይ ማንኪያ ጠብ እያደረገች ከንፈሩን ታረጥባለች። ይመልሰዋል፣ ትጠብቃለች፣ ደግማ ትሰጠዋለች። በመሐል ጡቷን አጥባ ታጠባዋለች። አትናገርም፣ አታለቅስም። በዚያን ጊዜ እናቷን እናቷን መሰለችኝ።

ሲምቦን ግን ማን ይንገራት? ልጇ ምግብ ይዛ መምጣት ስትተው፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስመጣ ገባት። የመስኮቱን ብረት ይዛ “መጣ?” ብቻ አለችኝ። ስሙን አልጠራችም፣ እኔም አልጠራሁትም። ልጁ አለ፣ ማናልበሽ ይዛዋለች አልኳት። ከዚያ እጇን ከብረቱ ላይ አነሣች፤ ያመጣሁላትንም ምግብ እንደተጠቀለለ መለሰችልኝ።

ለታ ሽንቱን ሸና። ሌላው ሰው ይሄ ምን ወሬ ነው ይል ይሆናል፤ ውሃ በሰውነቱ ያለቀበት ሕፃን ያየ ግን ያውቀዋል። ማናልበሽ እርጥቡን ጨርቅ ከፍ አድርጋ አሳየችኝና ሁለታችንም ያን ጊዜ ተንሰቅስቀን አለቀስን። እኔ ጨርቁን ይዤ እየሮጥኩ ሄጄ በመስኮቱ ሰጠኋት። ሲምቦ አሸተተችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ምግቧን ጠየቀችኝ።

የተፈታችው ፍርድ አግኝታ እንዳይመስላችሁ። ይመርመር ተብሎ ጎባ የተላከው ብሯ ደህና ብር ነው፣ ሽታው ብቻ ነው ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ በላይ ደግሞ የባዳሳ ሚስት ከሲምቦ ወተት ሌላ አንጠጣም ያሉ ልጆች ነበሯት፤ ቤቱን አላስቀምጥ አለችው። ባዳሳም ሲምቦን ለወደፊቱ እንድትታረም መክሮ ለቀቃት።

በተፈታችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ባይ ሞላ። ሲምቦ ለታን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ መዳፉን እየፈለቀቀች ትመለከታለች። አምባዬ የመጣው ሰው ሳሳ ሲል ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ሲያስቀምጠው ከሽታው አወቅነው፣ ሙሉ ሳሙና ነው፣ ጎባ ድረስ ሄዶ ያመጣው። አልተቀመጠም። ወንድሙ በቀይ ሽብር ጊዜ እንዴት እንደተወሰደ፣ እናቱን የሚጦረው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ያን ቀን እስከ መታጠፊያው መጥቶ ጠመንጃ የያዘውን ሰው ሲያይ እንደተመለሰ ነገራት። እውነቱን ነው፤ ፊቱ ይናገር ነበር። እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር አልኩ። ማናልበሽ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሲምቦ እስኪጨርስ አዳመጠችው። አልተቆጣችም፣ በኦሮምኛም አልጀመረችም። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ ተነሣች፣ ከጓዳ ከወንፊቱ ላይ አንድ ብር ይዛ መጣች። የአምባዬን እጅ ይዛ መዳፉን ፈለቀቀች፣ ብሩን አስቀመጠችበትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

“ያዘው ልጄ፣ ታጥኗል” አለችው። “እጅህ ባዶ አይሁን።”

አምባዬ እጁን እንደጨበጠ ወጣ። በአጥሩ በኩል ሳየው መንገዱ ላይ ደርሶም አልገለጠውም። ሳሙናውን ሲምቦ አልመለሰችም፤ በዚያው ቀን ለታን አጠበችበት።